ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ሳሎን የማን ነው? ሕጉን ብንጠይቀው የባልና የሚስት የጋራ ንብረት ነው ይለናል። እኔ ግን ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው አገር የባል የሆነ አንድም ሳሎን አላየሁም። ባል ሳሎን ውስጥ ይቀመጣል እንጂ ሳሎን የለውም። ቡፌው፣ እንግዳ ካልመጣ የማይነኩት ብርጭቆዎች፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የሠርግ ፎቶ፣ ሁሉም የሚስት ግዛት ናቸው። ባል የሚያዝበት ነገር ቢኖር የሚቀመጥባት ወንበር ናት፤ እሷንም ቄስ ሲመጣ ይለቃል።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው እንግዲህ ኮምፒውተር ሳሎን ለማስገባት የተነሣሁት።

ጊዜው ከተማችን ውስጥ ፊልም ማየት የፈለገ ሰው ቪዲዮ ቤት ገብቶ በአግዳሚ ላይ ከማያውቀው ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ የሚያይበት ነበር። ባሕር ዳር የሚኖር ጓደኛዬ ቤት ሄጄ ግን ጉድ አየሁ። ሰውዬው ኮምፒውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጋር በገመድ አገናኝቶ ሳሎኑን ሲኒማ ቤት አድርጎታል። ፊልሙ፣ መዝሙሩ፣ የልጆቹ ፎቶ፣ የሠርጉ ቪዲዮ፣ ሁሉም አንድ ሣጥን ውስጥ ነው። እሱ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ያዝዛል። ቅናት መጥፎ ነገር ነው፤ እኔ ግን ቀናሁ። ያገለገለ ኮምፒውተር ፈልጌ ገዛሁና እስከ ፍኖተ ሰላም ጭኔ ላይ አስቀምጬ አመጣሁት። አውቶቡሱ ጉድጓድ በመታ ቁጥር እንደ አራስ ልጅ ሳቅፈው አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ምን እንደሆነ ጠይቀውኝ፣ ኮምፒውተር ነው ብላቸው፣ እግዜር ያሳድግልህ አሉኝ።

ባለቤቴ የሺ ግን እንዲህ አልመረቀችኝም። ሣጥኑን ዞራ አየችው። ጥቁር ነው፤ አናቱ ላይ የንፋስ መውጫ ቀዳዳ አለው፤ ሲነሣ ያጉረመርማል። ካየችው በኋላ የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

«ይኼ እንዲህ ራቁቱን ነው የሚቀመጠው?»

በእኛ ቤት ራቁቱን የሚቀመጥ ዕቃ የለም። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል፤ ፍሪጁ ለብሷል፤ የሶፋው ክንድና ክንድ ለብሷል፤ ስልኩ ሳይቀር የራሱ ትንሽ ዳንቴል አለው። ታዲያ እነዚህ ዳንቴሎች ከገበያ የተገዙ እንዳይመስላችሁ። አማቴ እማማ ጥሩዬ ቡሬ ተቀምጠው ልጃቸው ስትታጭ ጀምረው በሠርጓ ዋዜማ የጨረሷቸው የእጅ ሥራዎች ናቸው። ደግሞ ሴትዮዋ ጥንቁቅ ስለሆኑ አቧራ እንዳያሳልፍ ብለው ከያንዳንዱ ሥር ነጭ አቡጀዲ ደርበውበታል። የሺ ከሣጥኗ ውስጥ ትልቁን አወጣችና ኮምፒውተሩን አለበሰችው። ልኩ ነበር። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሙሽራና ሚዜ መሰሉ።

የመጀመሪያው ቀን ፊልሙ መሃል ላይ ድርግም አለ። በከተማችን አንድ ነገር ድርግም ሲል ጥፋተኛው ማን እንደሆነ የታወቀ ነው። «አዬ መብራት!» ብለን ሻማ ለኩሰን ተቀመጥን። ጥቂት ቆይተን ነው አምፖሉ ከላያችን ቦግ ብሎ እየበራ መሆኑን ያየነው። በማግሥቱም ጠፋ፤ በሦስተኛውም ቀን ጠፋ። ሁልጊዜ የሚጠፋው ደግሞ ገዳዩ ሊያዝ ሲል ወይም ልጅቱ እሺ ልትል ስትል ነው። እጄን በዳንቴሉ ሥር ሰድጄ ብነካው እንደ ምጣድ ግሏል። ለባሕር ዳሩ ጓደኛዬ ደወልሁለት። አለባበሱን ስነግረው ሳቀና ሰውየውን አፍነኸዋል፣ ማሽን እኮ ይተነፍሳል አለኝ።

ከዚያ በኋላ ጦርነት ሆነ። ጧት እገፍፈዋለሁ፤ ከሥራ ስመለስ ለብሶ ይጠብቀኛል። እንግዳ ቢመጣ ምን ይለኛል ትላለች። ሙቀት ይገድለዋል እላለሁ። ፍሪጁ ይኸን ሁሉ ዓመት ለብሶ መቼ ሞተ ትላለች። ፍሪጅና ኮምፒውተር ምንና ምን እንደሆኑ ለማስረዳት ስጀምር እሷ ወጥ ልታማስል ትሄዳለች። የምናገረው ለፍሪጁ ሆኖ ቀረ።

አንድ የግንቦት ቅዳሜ፣ የሺ ገበያ በሄደችበት፣ ሁለታችንንም የሚያስማማ ታላቅ መፍትሔ ተገለጠልኝ። ዳንቴሉ ይኑር፤ ማሽኑም ይተንፍስ! የወተት ጣሳ ክዳን አምጥቼ፣ የንፋስ መውጫው ካለበት ላይ አስቀምጬ፣ ዙሪያውን በእስኪሪብቶ አሰመርሁና በመቀስ ክብ አድርጌ ቆረጥሁት። አልብሼ አየሁት። ነፋሱ በቀዳዳው እየወጣ ፊቴን ሲመታኝ ደስ አለኝ። እንዲያውም የሺን በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋት። ምን ነበር የጠበቅሁት? ጭብጨባ መሰለኝ።

የሺ መጣች። ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠች፤ ዳንቴሉን አነሣች፤ ጣቷን በቀዳዳው አስገብታ አየችው።

«የእናቴን ዓይን ነው የቀደድኸው» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። እማማ ጥሩዬ ያን ዳንቴል ሲሠሩ ነው ዓይናቸው የደከመው። የሺ አጣጥፋ፣ ፖሊስ ኤግዚቢት እንደሚይዝ በፌስታል አድርጋ፣ ነጠላዋን ለበሰችና ቡሬ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈረች።

እንግዲህ ሳሎኑ የእኔ ሆነ። ኮምፒውተሩ ራቁቱን ተቀመጠ፤ አንድም ቀን አልጠፋም። ገዳዩ ሲያዝ አየሁ፤ ልጅቱ እሺ ስትል አየሁ። ለካ ፊልም የሚጥመው «እሱ ነው የገደለው፣ አላልሁህም?» ብሎ ጎንህን የሚጎሽምህ ሰው ሲኖር ነው። ለብቻዬ ስስቅ ሳቄ ራሴን ያስደነግጠኝ ጀመር። የሺ ናፈቀችኝ። ሳይጠፋብኝ የማጠፋው እኔው ራሴ ሆንሁ።

ሽማግሌ መላክ ነበረብኝ። ሄጄ መሪጌታ ጥበቡ እግር ላይ ወደቅሁ። መሪጌታ የደብራችን የቅኔ መምህር ናቸው፤ የሺን ከእናቷ የጠየቁልኝም እሳቸው ነበሩ። ጉዳዩን ሰምተው ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

«እኔ በሰማሁት አልፈርድም፤ ባየሁት ነው የምፈርድ። እናትና ልጅ ይምጡ። ዳንቴሉም ይምጣ። ማሽኑ የት ይሄዳል፣ እዚያው ነው» አሉኝ።

አንድ የሰኔ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ችሎቱ ሳሎናችን ውስጥ ተሰየመ። ወንበሬን ለመሪጌታ ለቀቅሁ። እማማ ጥሩዬ ፌስታሉን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። የሺ ከእናቷ ጀርባ ሆና እኔን ላለማየት ፍሪጁን ታያለች።

መሪጌታ የተቀደደውን ዳንቴል ተቀብለው ወደ መስኮቱ አንሥተው አዩት።

«እንደው ልጄ፣ ዳንቴል ሁለመናው ቀዳዳ አይደለም? በዚህ ሁሉ ቀዳዳ ላይ ያንተ ምን ይጨምራል?» አሉኝ።

አቡጀዲውን ገልጬ አሳየኋቸውና ማሽን እንደሚተነፍስ አስረዳኋቸው። በመሥሪያ ቤት ግምገማ ሒሴን መዋጥ የለመድሁ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን እውነቱ ከእኔ ጋር ስለነበር ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው የተናገርሁት። እማማ ጥሩዬ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«መሪጌታ፣ እኔ ጨርቅ ተቀደደ ብዬ አልመጣሁም። ጨርቅ ይቀደዳል። ልጄን የሰጠኋት ለጤነኛ ሰው ነው ወይ ብዬ ነው የመጣሁ። ኸመቼ ወዲህ ነው ብረት የሚተነፍስ?»

መሪጌታ ክርክሩን በፈተና ቆረጡት። ያልተቀደደው የቴሌቪዥኑ ዳንቴል፣ እሱም አቡጀዲ ያለው፣ ተነሥቶ ኮምፒውተሩ ላይ ይደረግ፤ ማሽኑ ይሥራ፤ ከጠፋ ጥፋቱ የዳንቴሉ፣ ካልጠፋ የመቀሱ ነው አሉ። እኔ በደስታ ተስማማሁ። ምን ይጫወት ሲባል የሠርጋችንን ቪዲዮ መረጥሁ። ትንሽ ተንኮልም ነበረበት፤ ማሽኑ ከመጥፋቱ በፊት የየሺ ልብ እንዲራራልኝ።

እኛ ስንጀምር ሰማይም ጀመረ። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠው ገባ። ሳሎኑ ቀዝቅዞ እማማ ጋቢያቸውን ተከናነቡ። እኔ ማሽኑ ሙሽራዋ ከጓዳ ሳትወጣ ይጠፋል ብዬ ስጠብቅ ሙሽራዋ ወጣች። ሚዜዎቹ ጨፈሩ፤ አልጠፋም። ምሳ ተበላ፤ አልጠፋም። ሁልጊዜ «እባክህ አትጥፋብኝ» የምለውን ዕቃ ያን ቀን እንዲጠፋልኝ ተሳልሁለት። እሱ እቴ! በብርዱ ተደስቶ እንደ ጠገበ ድመት ያንኮራፋል።

ኋላማ ፈተናውን ሁላችንም ረሳነው። ስክሪኑ ላይ የሺ ጎንበስ ብላ የእናቷን ጉልበት ስትስም፣ እማማ ያኔ ያለቀሱትን እንደገና አለቀሱ፤ የሺ በነጠላዋ ጫፍ እንባቸውን ጠረገችላቸው። እኔም ዓይኔን አቧራ ገባው። መሪጌታ ደግሞ ጢማቸው ሳይሸብት ስክሪኑ ላይ ቆመው እንደ አብርሃም እንደ ሣራ ያድርጋችሁ ብለው ሲመርቁ፣ ወንበሬ ላይ የተቀመጡት መሪጌታ ጎንበስ ብለው አሜን አሉ።

ቪዲዮው አለቀ። ማሽኑ አልጠፋም። ተፈረደብኝ።

በአገራችን ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድንጋይ ትከሻው ላይ ተሸክሞ ከተበዳዩ ፊት ይወድቃል። እኔም ድንጋይ ላመጣ ወደ ዝናቡ ልወጣ ስል መሪጌታ አስቆሙኝ።

«የምን ድንጋይ ነው? የሚወድደውን ይሸከም!»

ስለዚህ ኮምፒውተሬን ትከሻዬ ላይ አደረግሁ። ገመዱ እንደ ጅራት ከኋላዬ እየተጎተተ፣ በአማቴ ፊት ተንበረከክሁ። «አውርደው ልጄ፣ ይከብዳል፤ ይቅር ብያለሁ» አሉኝ። የሺ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትንፈቀፈቃለች። ለቅሶ መስሎኝ ነበር፤ ሳቅ ነው። ያን ሳቅ ስሰማ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ቴሌቪዥኑንም ጨምሬ ብሸከም አይከብደኝም ነበር።

የሺ ቤቷ ገባች። ኮምፒውተሩም ያንኑ ያልተቀደደውን ዳንቴል ለበሰ። ክረምቱን በሙሉ አንድም ጊዜ ሳይጠፋ ከረመና በጠጣሁት ሻይ ሁሉ ላይ «አየህ?» ተባልሁ።

በጋው ሲከር፣ አንድ የየካቲት እሑድ ከሰዓት፣ የሺ ጓደኛዋ የሰጠቻትን ድራማ ታያለች። ያቺ ሀብታም ሴትዮ በልጅነቱ የጠፋባት ልጇ ማን እንደሆነ ሊነገራት ነው። ሐኪሙ አፉን ከፈተ። ድርግም!

የሺ ቀና ብላ አምፖሉን አየችው። ይበራል። ከዚያ እኔን አየችኝ። እኔ ጣራውን አየሁ። እንዲህ ባለ ሰዓት አፉን የሚከፍት ባል ካለ እስቲ አሳዩኝ? ተነሥታ ጓዳ ገባች፤ መቀስና የወተት ጣሳ ክዳን ይዛ ተመለሰች። ዳንቴሉን ከእኔ የበለጠ ክብ አድርጋ ቆረጠችው፤ ዙሪያውንም በቀይ ክር ዘመዘመችው። ጎረቤቶች ሲጠይቋት አዲስ ፋሽን ነው አለቻቸው። ስለ እኔ መቀስ ቃል አልተነሣም።

ለፋሲካ ቡሬ እማማ ጥሩዬ ጋ ሄድን። ሳሎናቸው ገብቼ ገና ሳልቀመጥ ዓይኔ ሬዲዮናቸው ላይ አረፈ። ዳንቴሉ አናቱ ላይ ክብ ቀዳዳ አለው፤ ዙሪያው በቀይ ክር ተዘምዝሟል። አጠገቡ ያለው ፔርሙዝ የለበሰው ዳንቴልም እንዲሁ ተቀድዷል። ዝም ማለት ይገባኝ ነበር፤ ዝም ማለት ግን አልሆነልኝም። እማማ፣ ይህ ሬዲዮን በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ነው እኮ፣ አይሞቅም፤ ቀዳዳው ምን ያደርግለታል ብዬ ጠየቅኋቸው።

በሐዘኔታ አዩኝ።

«ምነው ልጄ፣ ብረትም ቢሆን ካልተነፈሰ ይሞታል እኮ! ይኸን ሁሉ ዘመን ተምረህ ይኸን የነገረህ ሰው የለም?»

ወደ የሺ ዞርሁ፤ እሷ ጣራውን ታያለች። ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ፣ አላወቅሁም ነበር አልሁና የምሸከመው ነገር ፍለጋ ዙሪያዬን ቃኘሁ። ከሬዲዮኑ በቀር ለትከሻ የሚሆን ነገር አልነበረም።