ሊቀ ውድቀት

ሰው ባለበት ፎቅ ሁሉ፣ ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ የሚመልስ አንድ አዋቂ አይጠፋም። ልብስ ሰፊዋ በምትኖርበት ሕንፃ ይህ ሹመት የጎረቤቷ ነበር፤ ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ናቸው። ወሬያቸው ሁሉ ስለ አወዳደቅ ስለሆነ፣ ነዋሪው በሌሉበት «ሊቀ ውድቀት» ይላቸዋል።

አብሯቸው ሊፍት የገባ ሰው አለቀለት።

«አሁን ገመዱ ቢበጠስ ምን ታደርጊያለሽ?» አሏት ልብስ ሰፊዋን አንድ ጠዋት።

«ኧረ መምህር፣ ሟርትዎን ይተዉ! መሬት ሊደርስ ሲል እዘላለኋ።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ልጄ፣ ሊፍቱ ሲወርድ አንቺም አብረሽ እየወረድሽ ነው። ዝላይሽ ከዚያ ፍጥነት የሚቀንሰው ቅንጣት ታህል ነው። በጀርባ መጋደም ይሻላል፤ እንዲህ...» ብለው ሊያሳዩዋት ሲንበረከኩ በሩ ተከፈተና አመለጠች።

ወንበር ላይ ቆሞ አምፖል የሚቀይር ሰው ካዩም አያልፉትም። «ስትወርድ ጉልበትህን እጠፍ! መሬት ክፉ አይደለችም፤ የምትጎዳን ድንገት ስታስቆመን ነው። ትንሽ ጊዜ ስጣት!»

በዚህ መሃል የልብስ ሰፊዋ እናት መታጠቢያ ቤት አዳልጧቸው ወደቁ። አጥንታቸው ተረፈ፤ ወኔያቸው ግን ተሰበረ። ሐኪሙ «ይራመዱ» ቢልም አልጋቸውን የሙጥኝ አሉ። «ደግሜ ከምወድቅ እዚሁ ልሙት» ይላሉ። በሁለት ወር እግራቸው እየሰለለ መጣ።

መምህሩ ሰምተው በሩን አንኳኩ።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እናቴን ትምህርት አያድናትም» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ በሩን ገርበብ እንዳደረገች። አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ።

አንድ ቀን ቤት የረሳችውን መቀስ ልትወስድ ከሥራ ቦታዋ መጣች። እናቷ ተነስተው መክፈት ስለማይችሉ ቀን ቀን በሩ አይቆለፍም። ገና ስትገባ ከውስጥ «ዱብ!» የሚል ድምፅ ሰማች። ፈጥና በእናቷ ክፍል በር አጮለቀች።

የወደቁት ግን መምህሩ ነበሩ። ፍራሽ ወለሉ ላይ ተነጥፏል፤ የሰባ ዓመቱ ሰውዬ በጎናቸው ተዘርረዋል። እናቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ቁልቁል ያዩዋቸዋል።

«ስንተኛው ነው?» አሉ እናት።

«አሥራ አንደኛው። ይኸው፣ አልሞትኩም።» ወንበር ተደግፈው እያቃሰቱ ተነሱ። «እኔም እኮ እፈራለሁ፣ እትዬ። ባለቤቴ ደረጃ ላይ ወድቃ ከቀረችብኝ ወዲህ፣ ደረጃ ባየሁ ቁጥር ጉልበቴ ይከዳኛል። ለዚህ ነው የማጠናው።»

እናቷ እግራቸውን ወለሉ ላይ አሳረፉ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «በሉ ይያዙኝ። ለሁለት ስንፈራው ይቀል ይሆናል።»

እስከ መስኮቱ አራት እርምጃ ሄዱ። ልብስ ሰፊዋ እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ፣ መቀሱንም ሳታነሳ፣ ኮቴዋን አጥፍታ ወጣች።

በሳምንቱ መምህሩ ጉልበቱ ላይ የተበላ ሱሪ ይዘው መጡ። «ምን እንደበላው እንጃ» አሉ ዓይን ዓይኗን ሳያዩ። እሷም አልጠየቀችም። ጣፈችውና፣ በውስጥ በኩል ወፈር ያለ ስፖንጅ ሰፋችበት።

«ልጄ፣ ይሄ ሱሪ ከበደኝሳ?» አሉ ሲቀበሏት።

«ይልበሱት ብቻ፣ አባባ» አለች።