ሰላምታው ሳያልቅ

ስብሰባ ጠርተው ሰላምታው ሳያልቅ ፀሐይ አዘቅዝቃብዎ ታውቃለች? እኔ በማስተምርባት መቱ ከተማ ደርሶብኛል። ትምህርት ቤታችን አንድ ክፍል ካልተጨመረለት አዲስ ተማሪ ሊመልስ ነው። ሽማግሌዎቹን ጠርቼ፣ ጉዳዩን በተራ ቁጥር ጽፌ ቆምኩ። እነሱ ግን በአማርኛ የጨረሱትን ሰላምታ በኦሮምኛ ይደግሙታል።

«ጋሼ ተሰማ፣ ጉልበትዎ ተሻለው?» አሉ ጎረቤታቸው እትዬ ብርቄ።

«ተሻለው። ግን ቤት ለማን ልሥራ? ልጆቼ አዲስ አበባ ቀሩ፤ ለቤት ያከማቸሁትን እንጨት ምስጥ ሊበላው ነው።»

«ታዲያ ለመምህሩ ክፍል ይስጡታ። ጭቃውን እኔ አስረግጣለሁ።»

«እሺ፣ ይውሰድ።»

እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ «ተራ ቁጥር አንድ» አልኩ።

«እሱማ አለቀ፣ ልጄ» አሉ ጋሼ ተሰማ። «ይልቅ እናትህ ደህና ናቸው?»

እርስዎም በሚቀጥለው ስብሰባዎ፣ ወረቀትዎን ከኪስ ከማውጣትዎ በፊት፣ እስኪ የአንድ ሽማግሌ ጉልበት እንዴት እንደሆነ ይጠይቁ።