የኑማጎራ የግራ ጥፍር

[ጃፓን፣ የካዋጉቺ ከተማ፣ ከብረት ማቅለጫዎቹ ጀርባ፣ የሙራኮሺ ጋራዥ። መኪናዋ ውጭ ዝናብ ይወርድባታል፤ ቦታዋን የያዘባት ኑማጎራ ነው። ኑማጎራ የድሮ ፊልም የረግረግ አውሬ ነው። ሙራኮሺ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጭቃ ቀርጾ፣ የሲሊኮን ፎርማ አውጥቶለት፣ ሬዚን የሚባለውን ፈሳሽ ፕላስቲክ አፍስሶበት ገና ትናንት ነው ያቆመው። ነገ በሚከፈተው የአውሬ ፊልም ወዳጆች ማኅበር ዐውደ ርእይ ላይ መቆም አለመቆሙን የሚፈርደው ደግሞ ኢሶጋይ ነው። ኢሶጋይ በእጁ አንዲት ማንኪያ እንኳ ሠርቶ አያውቅም። ስለ አሠራሩ ግን ሦስት ሰዓት ያለ ውሃ ይናገራል፤ ሙራኮሺም «ሰንሰይ»፣ መምህር፣ ይለዋል።]

ኢሶጋይ፦ አይሆንም አልኩህ። ተረከዙ ላይ ሽብሽብ የለውም።

ሙራኮሺ፦ ሰንሰይ፣ አውሬ ተረከዙ ለምን ይሸበሸባል ብዬ ነው እኮ።

ኢሶጋይ፦ አውሬ ስለሆነ ነው እንዴ የሚሸበሸበው? ውስጡ ሰው ስላለ ነው። የጎማ ልብስ ለብሶ፣ እየላበው የሚራመድ ሰው።

ሙራኮሺ፦ ታዲያ የምሠራው አውሬውን ነው ሰውየውን?

ኢሶጋይ፦ ሰው የገባበትን አውሬ።

ሙራኮሺ፦ [አሰበበት] ሰውየው ሳይታይ።

ኢሶጋይ፦ ሳይታይ እንዲታወቅ። ዚፑስ የታለ?

ሙራኮሺ፦ ዚፑ ከጀርባው እሾህ ሥር ነው። ፊልሙ ላይም አይታይም።

ኢሶጋይ፦ የተሸፈነ ዚፕ አለ፣ ጭራሽ የሌለ ዚፕ አለ። ያንተ የሌለ ነው። ለሚያውቅ ሰው ያስታውቃል።

ሙራኮሺ፦ ለማያውቅስ?

ኢሶጋይ፦ ለማያውቅ ሰው ዐውደ ርእይ አይከፈትም።

[አንገቱን አቀና። ይህቺን አባባል ለነገው ንግግሩ ያዛት።]

ኢሶጋይ፦ ፎርማውንስ እንዴት አወጣኸው? በሁለቱ ግማሾች መሐል ቅባት ቀብተሃል?

ሙራኮሺ፦ መጀመሪያ አልቀባሁም። ሲሊኮኑ ከሲሊኮን ጋር ተጣብቆ አንድ ድፍን ሆነብኝ። በወጥ ቤት ቢላ ከፈትኩት። ሚስቴ ቢላውን እስከዛሬ ትፈልገዋለች።

ኢሶጋይ፦ [በደስታ ሳቀ] ይህንን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። አንተ ሰውዬ፣ ጭቃ ካማረህ የአበባ ማስቀመጫ አትሠራም? ይኸው፣ እውነተኛው ኑማጎራ ምን እንደሚመስል ላሳይህ።

[ነጭ ጓንት አጠለቀ። ከቦርሳው በሐር ጨርቅ የተጠቀለለች የእንጨት ሳጥን አወጣ፤ ክዳኗ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያጻፈው በቀለምና በብሩሽ ነው። ሳጥኗን ከፈተና ውስጧ ላለችው የአውሬ ጥፍር እጅ ነሣ። ይህችን ጥፍር ለማግኘት ከወጣትነቱ ጀምሮ የሰበሰባቸውን መጽሔቶች በሙሉ ለውጦባታል። ነገ አንሶላ ገልጦ ለሕዝብ የሚያሳያት እሷን ነው።]

ኢሶጋይ፦ የግራ እጅ፣ የመሐል ጥፍር። ፊልሙ ላይ ከተለበሰው ከዋናው ልብስ የተረፈችው እሷ ብቻ ናት። በዓለም ላይ ሌላ የለም። አትንካ፤ አሽትት።

ሙራኮሺ፦ [አሸተተ] ሻይ ሻይ ይላል።

ኢሶጋይ፦ የስቱዲዮ ሽታ ነው። አፍንጫ ያስፈልጋል። አሁን ደግሞ ሥሯ ላይ ተመልከት። የአውራ ጣት አሻራ አይታይህም? ጭቃው ሳይደርቅ ሠሪው ራሱ የተጫነው ነው። መሐሉ ላይ ሰያፍ ጠባሳ አለ። የሊቅ ጣት ማለት ይህ ነው። በቅርጽ ማውጫ ቢላ የተቆረጠ።

ሙራኮሺ፦ ወይም በሰርዲን ቆርቆሮ።

ኢሶጋይ፦ ሊቅ ሰርዲን አይከፍትም።

ሙራኮሺ፦ እኔ ከፍቼ ነው የተቆረጥኩት። [አውራ ጣቱን ከጥፍሯ አጠገብ አቆመ] እንዴት ይመሳሰላል!

[ኢሶጋይ ጣቱን አየ። አሻራውን አየ። መነጽሩን ጠርጎ እንደገና አየ።]

ኢሶጋይ፦ እነዚያ... በተበላሸው ፎርማ ያወጣሃቸው ነገሮች የት ደረሱ?

ሙራኮሺ፦ ጥፍሮቹ? ልጥላቸው ነበር። በመቅደሱ ጓሮ ገበያ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ ሰውዬ ስጠኝ አለኝ። ሻይ ውስጥ ዘፍዝፎ ቀለም ያስይዛቸዋል።

ኢሶጋይ፦ ጺም አለው?

ሙራኮሺ፦ እስከ ደረቱ።

ኢሶጋይ፦ ያለቅሳል?

ሙራኮሺ፦ ገዢ ሲመጣ ያለቅሳል።

[ዝናቡ ቆርቆሮውን ደበደበው። ኢሶጋይ ሳጥኗን ከደናት፤ ጓንቱን አወለቀ፤ የሚያስቀምጥበት ጠፍቶት መልሶ አጠለቀው። ነገ ንግግር አለው። አፈረ፣ በጣም አፈረ። ከዚያ ሙራኮሺን እስከዛሬ ጠርቶት በማያውቀው የአክብሮት አጠራር ጠራው።]

ኢሶጋይ፦ ሙራኮሺ ሳን፣ እስቲ ይቀመጡ። ቆመው ቀሩ እኮ።

ሙራኮሺ፦ ተረከዙን ላስተካክል ብዬ ነው፣ ሰንሰይ።

ኢሶጋይ፦ ይተዉት። ሽብሽብ ሲበዛ ያስጠላል።

ሙራኮሺ፦ ዚፑስ?

ኢሶጋይ፦ አለ አይደል ከእሾሁ ሥር? ለእኔ ይታየኛል። በሩ አጠገብ ጥሩ ቦታ አለ፤ ነገ እዚያ ያቁሙት። ብቻ ያችን... የጣትዎን ነገር ለማንም ባያነሷት።

ሙራኮሺ፦ አላነሳም። በሩ አጠገብ ግን አያስፈልገውም፤ መሐለኛው ጠረጴዛ ተሰጥቶታል።

ኢሶጋይ፦ ማን ሰጠው?

ሙራኮሺ፦ የማኅበሩ ሊቀመንበር። ትናንት እሳቸውም እንዲህ ሳጥን ከፍተው፣ በዓለም ላይ ሌላ የለም ብለው ጥፍር አሳዩኝ። እኔም ጣቴን አሳየኋቸው።

[ኢሶጋይ በደስታ ሊዘል ምንም አልቀረውም። ሊቀመንበሩን ለዓመታት ሲቀናባቸው ኖሯል። ዓይኑ ግን የራሱ ሳጥን ላይ አረፈ።]

ኢሶጋይ፦ ጠረጴዛውን ካገኙማ እኔን ለምን ጠሩኝ?

ሙራኮሺ፦ እሳቸው ናቸው ጥራው ያሉኝ። ዓይናቸው እንቅልፍ አጥቷል። «የእኔ የውሸት ከሆነ፣ እውነተኛው ኢሶጋይ ጋ ነው ማለት ነው፤ አይተህ ደውልልኝ» ብለው ለመኑኝ። [ስልኩን አወጣ]

ኢሶጋይ፦ [ክንዱን ጨበጠው] የእኔ እውነተኛ ነው ይበሏቸው። እባክዎ።

ሙራኮሺ፦ እሺ፣ እላቸዋለሁ። [ቁጥሩን እየነካ] የሳቸውም እውነተኛ ነው፣ ሰንሰይ። ለእርስዎ እንድነግር የለመኑኝ እንደዚያ ነው።