የእትዬ ደንብ ቤት እና የልጄ አልጋ

ከሁሉ በፊት ይቅርታ። እርሳስ ከጆሮዬ ኋላ ሠላሳ ዓመት ኖሯል፤ ግን ጣውላ ላይ ምልክት ከማድረግ ሌላ ሥራ ሰጥቼው አላውቅም። ትምህርቴም ፊደል ቆጥሬ ስሜን እስከ መጻፍ ነው። አናጢ ምን አግብቶት ይጽፋል የሚለኝ ካለ እውነቱን ነው፤ እኔም ሦስት ቀን ሙሉ ለራሴ ያልኩት ይህንኑ ነው። ነገር ግን እኚህን ሴት ሳልጽፋቸው ብቀር ይቆጨኛል።

ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ለተማሪ ቤት የሚያከራዩ ሴቶች ሁሉ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ይህን የምለው ብዙ አይቼ አይደለም። አንዷን ስላየሁ ነው፤ እሳቸውን ያየ ደግሞ ሌላ ማየት አያስፈልገውም። ቁልፋቸው አንገታቸው ላይ ነው፣ ጆሯቸው ግድግዳው ላይ፣ ዓይናቸው በሩ ላይ።

የኛዋን ተከራዮቹ “ክብርት እትዬ ደንብ” ይሏቸዋል፤ በሌሉበት ነው እንጂ። ቁመታቸው ከበር እጀታ ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ድምፃቸው ግን ያለ ማይክራፎን ሦስተኛው ግቢ ይደርሳል። ስድስት ክፍል ያከራያሉ፤ የሚከለክሉትን ከመቁጠር የሚፈቅዱትን መቁጠር ይቀላል። ጫማ በር ላይ ሲወልቅ አፍንጫው ወደ ግድግዳ ይዞራል። ሱሪ በወገቡ እንጂ በእግሩ አይሰጣም። የሳቸው በር የሚንኳኳው ሁለቴ ነው፤ አንዴ ንቀት ነው፣ ሦስቴ ፖሊስ ነው። ከልክለው ከልክለው ሲደክማቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጉና “እኔ ምን ቸገረኝ? ለእናንተው ብዬ ነው!” ይላሉ።

አንድ ጊዜ አንድ ልጅ ከአንዷ ተከራይ ደብተር ሊዋስ መጣ አሉ። ወንድ ተማሪ ከግቢው በር አያልፍማ። እትዬ ደንብ ደብተሩን ከልጅቷ ተቀብለው፣ በሩ ላይ ተገትረው፣ ገጽ በገጽ ገለጡት። በመጨረሻ “ሒሳብ ነው፤ ይለፍ” ብለው ሰጡት። አንዷ ፈተና ካላት ደግሞ ጎሕ ሳይቀድ ስድስቱንም በር ይደበድባሉ።

“እኔ እኮ ዛሬ ፈተና የለኝም እትዬ!” ብትላቸው አንዷ፣

“ነገ ይኖርሻል! ለአንቺው ብዬ ነው!” አሏት።

እኔ ከሳቸው እጅ የወደቅኩት በልጄ የተነሳ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ግቢው ውስጥ ማደሪያ ሞልቷል ተባለች። ከአክስቷ ጋር እግራቸው እስኪቀጥን ዞሩ። አንዱ ደላላ ደረጃ ሥር ያለች ጉሬ አሳይቷቸው “ለጥናት ጸጥ ያለች ናት” አለ። ሌላው መስኮት የሌለው ክፍል ከፍቶ “ብርድ የሚባል አይገባም” አላቸው። በመጨረሻ እትዬ ደንብ ዘንድ አንዲት ጠባብ ክፍል ተገኘች። አልጋ ግን የላትም። አናጢ አባት እያለ አልጋ ይገዛል? ለእትዬ ደንብ ስልክ ደወልኩና እየተንተባተብኩ የክፍሏን ርዝመት ጠየቅኳቸው።

“ቆይ ልለካው” ብለው ሄደው ተመለሱ። “አራት ክንድ ከስንዝር! ቅንጣት አትጎድልም!”

አሥር ጊዜ ለክተህ አንዴ ቁረጥ ይባላል። እኔ አንዴ በስልክ ሰምቼ ቆረጥኩ። ያውም በማን ክንድ? በራሴ! ልጄ በኔ ወጥታ ረጅም ናት፤ ስንዝሯን ትቼ አራቱን ክንድ አልጋ አደረግኩላት። አንድ ሚስማር አላስገባሁበትም፤ በገጠማ ብቻ ነው የሠራሁት። ቢሰበር እንጂ አይፈታም። እንዲህ ያለ አልጋ በዕድሜዬ ሠርቼ አላውቅም።

ለምዝገባው አንድ ቀን ሲቀረው በመኪና ጭነን ደረስን። ከደንቦቹ ሁሉ የከፋው የዚያን ዕለት ተነገረኝ፦ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዕቃውን ያላስገባ፣ ክፍሉ ለሌላ ይሰጣል። ሌላዋም ተማሪ በሩ ላይ ነበረች፤ እናቷ የተጠቀለለ ፍራሽ ላይ ቁጭ ብላ ታየናለች። ባለቤቴ ደግሞ ስንወጣ “ሁነኛ ሴት ቤት ካላስገባሃት ይዘሃት ተመለስ” ብላኛለች። መመለስ ማለት ትምህርቱ ቀረ ማለት ነው።

አልጋውን በቁም ብንለው፣ በአግድም ብንለው፣ ብናዘነብለው፣ ክፍሏ አልበቃችውም። ጉድ ፈላ።

“አራት ክንድ ከስንዝር አላልኩህም?” ጮኹ እትዬ ደንብ።

“ብለውኛል።”

“ታዲያ ይሄ ምንድነው? መርከብ ነው?”

“አራት ክንድ ነው እትዬ… ስንዝሯን እንኳ አልነካኋትም።”

“በል ክንድህን አምጣ!”

ክንዴን ከክንዳቸው ጎን ዘረጋሁ። የጣታቸው ጫፍ መዳፌ መሃል ላይ ቀረ። መስኮቱ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ።

“ዝም በሉ እናንተ!” አሉና ወደኔ ዞሩ። “ክንድህ ረዝሞ ነው!”

ስለ ክንዴ ርዝመት ይቅርታ ጠየቅኩ። ምን ልበል?

ፀሐይዋ የጣሪያው ጫፍ ላይ ደርሳለች። ባለፍራሿ እናት ተነስታ ቀሚሷን ማራገፍ ጀመረች። መጋዜን አወጣሁ፤ በእግርጌው በኩል አንድ ስንዝር ከመቁረጥ ሌላ መላ አልነበረኝም። ተንበርክኬ የመጋዙን ጥርስ እንጨቱ ላይ አሳረፍኩ። እጄ ግን እምቢ አለኝ።

“ቁረጠው አባዬ” አለች ልጄ ቀስ ብላ። “ምን አለበት፤ እጥፍ ብዬ እተኛለሁ።”

“እጥፍ ብላ?” እትዬ ደንብ መርፌ እንደወጋው ሰው ዘለሉ። “አራት ዓመት እጥፍ ብላ? እኔ ቤት ሰው ታጥፎ አይተኛም! አስቀምጥ ያን መጋዝ!”

“ታዲያ ምን ይሻላል እትዬ?”

ቁልፋቸውን ከአንገታቸው አወጡና የራሳቸውን መኝታ ቤት ከፈቱት፤ ተከራይ በዓይኑ እንኳ ያላየውን። ሰፊ ነው፣ ሁለት መስኮት አለው። ፍራሻቸውን እየጎተቱ፣ ትራሳቸውን በብብታቸው ይዘው ወጡና ጠባቧ ክፍል ወለል ላይ ጣሉት።

“ምን ይገትርሃል? አስገባ እንጂ! ይቺ የተለካችው በኔ ክንድ ነው፤ እኔ እግሬን ዘርግቼ እተኛባታለሁ።”

“ኧረ እትዬ፣ ይሄማ አይሆንም…”

“ቤቱ የማነው?”

“የእርስዎ።”

“እንግዲያው አፍህን ያዝ።”

ባለፍራሿን እናት ከነልጇ መንገድ ማዶ ከምታከራየው እህታቸው ዘንድ ላኳት። “ከኔ ትብሳለች፤ ታገሻት” ብለው። ከዚያ ወደ ልጄ ዞሩ። “አንቺ፣ የግራውን መስኮት ብቻ ነው የምትከፍቺው። መጋረጃዬን እንዳትነኪ። ለአንቺው ብዬ ነው።”

አልጋው ገባ። ላመሰግናቸው ስጠጋ፣ እሳቸው ምስጋና እንዳይሰሙ ይመስለኛል አንዷ ተከራይ ላይ ስለ ሱሪ መጮኽ ጀመሩ።

እኔ አክስቷ ዘንድ አደርኩ። በማግስቱ ጠዋት መኪና ሳያመልጠኝ ልሰናበታቸው ብመጣ፣ ክብርት እትዬ ደንብ ከጠባቧ ክፍል በጎናቸው ሾልከው ሲወጡ አየኋቸው። በሩ ወደ ውስጥ ስለሚከፈት ፍራሻቸውን እየገጨ ከግማሽ አያልፍም። የመሣሪያ ከረጢቴን አስቀመጥኩ፣ በሩን ከማጠፊያው ነቀልኩ፣ መቃኑን ጠረብኩ፤ እሳቸው ከኋላዬ “ማን ፈቀደልህ?” እያሉ ሲጮኹ፣ ወደ ውጭ እንዲከፈት አዙሬ ሰቀልኩላቸው። መኪናዋ አመለጠችኝ።