የአባይነህ ቤት በር በየት በኩል ይውጣ?

[በሃምሳዎቹ ዓመታት ነው፤ ከዘመሮ ከተማ ከፍ ብሎ ባለች ደጋ መንደር። አባይነህ እጮኛው ጌታነሽ በጥር ተድራ ስለምትመጣበት ቤት ይሠራል። እጁ አጭር ነውና፣ ድንጋይ ለመቆጠብ ሲል የጎረቤቱን የጋሼ ወዳጆን ግድግዳ ተጠግቶ ሦስት ጎን ብቻ ሊገነባ አስቧል። የመከሩት ራሳቸው ጋሼ ወዳጆ ናቸው። አንድ በጋ ደብረ ብርሃን ለግንበኛ ጭቃ ሲያቦኩ ከርመው ከተመለሱ ወዲህ፣ ስለ ቤት ከእሳቸው ወዲያ አዋቂ የለም።]

ወዳጆ፦ አይሆንም አልኩህ! በምሥራቅ በር የለም!

አባይነህ፦ ኧረ ጋሼ፣ በር የሌለው ቤት እንዴት ይሆናል?

ወዳጆ፦ በር የለም መች አልኩ? በምሥራቅ የለም ነው ያልኩት። የጠዋቱ ውርጭ ሰተት ብሎ ገብቶ ሙሽራይቱን ያደርቅልሃል።

አባይነህ፦ ሥጋ እኮ ሲደርቅ ይከርማል።

ወዳጆ፦ ሚስት ነው የምታገባው ቋንጣ?

አባይነህ፦ [የመለኪያ ገመዱን እየጎተተ ይዞራል።] እሺ፣ በደቡብ ላድርገው።

ወዳጆ፦ ገደሉ አይታይህም? ጠላ ጠጥቶ የወጣ እንግዳ የት ሊደርስ ነው?

አባይነህ፦ ታች ይደርሳላ።

ወዳጆ፦ እንግዳው እኔ ብሆንስ?

አባይነህ፦ [ትንሽ ያስባል።] እሱስ ያሳዝናል። በሰሜን ይሁን።

ወዳጆ፦ በሰሜን የቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ነው። ቄስ ገብረ አማኑኤል በጾም ሲያልፉ ድስትህን ያዩታል።

አባይነህ፦ ድስቴ ባዶ ነው።

ወዳጆ፦ እሱማ ይብሳል! በጾም ቀርቶ በፍስክም አይታይ!

አባይነህ፦ ምሥራቅ ውርጭ፣ ደቡብ ገደል፣ ሰሜን ቄስ። የቀረው በምዕራብ የእርስዎና የእኔ ግድግዳ ነው። ለመሆኑ እሱ የማን ነው?

ወዳጆ፦ የሁለታችን ነዋ። ወዳንተ የዞረው ፊቱ ያንተ፣ ወደኔ የዞረው የኔ። ደብረ ብርሃን እንዲያ ነው።

አባይነህ፦ በኔ ፊት የፈለግኩትን ባደርግ ከልካይ የለኝም?

ወዳጆ፦ ማን ይከለክልሃል? በል፣ እኔ መሐል ሜዳ ከተማ እህቴ ዘንድ ደርሼ ልምጣ። ስመለስ ግድግዳህ ቆሞ ላግኘው። ምክሬን እንዳትስት!

[ጋሼ ወዳጆ እህታቸው ቤት ድግስ ገጥሟቸው ሰነበቱ። የመንደሩ ጎረምሳ በደቦ ወጥቶ ግድግዳውን አቆመ። ሲመለሱ አባይነህ ጭቃ ይለስናል። አዲሱን ቤት በኩራት ይዞሩት ጀመር።]

ወዳጆ፦ ግሩም! ውርጭ አይገባው፣ ገደል አያሰጋው፣ ቄስ አያየው! ግን... በሩ የታል?

[ከጋሼ ወዳጆ ቤት ውስጥ በግ ይጮሃል።]

ወዳጆ፦ እኔ ቤት በግ ምን ይሠራል?

አባይነህ፦ እያለፈ ነው።

[ጋሼ ወዳጆ ሮጠው ይገባሉ። ራሳቸውን ይዘው ይወጣሉ።]

ወዳጆ፦ ከመደቤ ራስጌ በር! የኔን ግድግዳ በሳኸው?

አባይነህ፦ በራሴ ፊት ነው የጀመርኩት። የእኔ የት ላይ እንደሚያልቅ ምልክት ስላልነበረው ስቆፍር ስቆፍር፣ እትዬ ኮከቤ ብቅ አሉ። «ጤና ይስጥልኝ» ብዬ አቆምኩ።

ወዳጆ፦ ሚስቴ ዝም አለችህ?

አባይነህ፦ «ቤት ለእንግዳ» አሉኝ። በጎቹ ለምደዋል። በሬው ግን ጎኑ ስለሚነካ ነገ ትንሽ አሰፋዋለሁ።

ወዳጆ፦ ሠርግህስ? አጃቢው ሁሉ በኔ ጓዳ ሊያልፍ ነው?

አባይነህ፦ ሁለት መንደር ሙሉ ሰው ነው። መጀመሪያ የሚገባው እርስዎ ቤት ስለሆነ የሚያበላውም የሚያጠጣውም ባለደጃፉ ነው ተብሏል።

ወዳጆ፦ [ጋቢያቸውን ጥለው] ዛሬውኑ ድፈነው! በምሥራቅ ክፈት!

አባይነህ፦ ውርጩስ?

ወዳጆ፦ ሙሽራ ነህ፣ ውርጭ ምን ያደርግሃል!

አባይነህ፦ የበር መቃንና መዝጊያ ከየት አመጣለሁ? በዚህ አገር ዛፍ የለ። እዚህ ግን የእርስዎ መዝጊያ ለሁለታችንም ይበቃል።

ወዳጆ፦ ለጎተራዬ ያስጠረብኩት የጽድ መዝጊያ አለ፣ ውሰደው! መቃኑንም ጨምር! ብቻ በጎችህን ከራስጌዬ አንሳልኝ!

[አባይነህ ከመስከረም ጀምሮ እንቅልፍ የነሳው ይኸው እንጨት ነበር። ደስታው ፊቱ ላይ እንዳይታይበት አንገቱን ደፍቶ ጭቃውን ከእጁ ይጠርጋል።]

ወዳጆ፦ እንጨት ቸግሮህ ከሆነ አፍ አውጥተህ አትለምነኝም ነበር?

አባይነህ፦ ልለምንዎት መጥቼ ነበር፤ እትዬ ኮከቤ መለሱኝ። «ከለመንከውማ ምክር ነው የሚሰጥህ፤ እንጨቱን ከፈለግህ ግድግዳውን ብሳ» አሉኝ። የበሳሁበትን ድጅኖም ያቀበሉኝ እሳቸው ናቸው።