እትዬ ዲሪቤ በከንፈሬ ላይ የሰጡት ፍርድ

በየከተማው በሽታህን ካንተ በፊት የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ሀኪም አይደለም፤ ሀኪም ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ይጠይቅህ ነበር። ይህ ሰው አይጠይቅም፣ ይፈርዳል። የመቱ ከተማው ፈራጅ አከራዬ እትዬ ዲሪቤ ነበሩ፤ ማር ነጋዴ፣ የግቢያችን አዛዥ፣ ክብርት የበሽታ ሚኒስትራችን።

በተለይ ከንፈር ላይ የወጣ ቁስል አያመልጣቸውም። ገበያ መሃል ማር እየመዘኑ እንኳ "ና እስቲ ወዲህ!" ይሉና የሰውየውን አገጭ ይዘው ወደ ብርሃን ያዞራሉ። ጎረቤታችን ጎንፋ ማር ሊቆርጥ ወጥቶ ከንፈሩ አብጦ ሲመለስ፣ ንብ ነደፈኝ ቢላቸው እሺ አላሉም። "ማል ጄታ! ምን ትላለህ አንተ! ንብ ብትሆን እኔ አላውቃትም? ቃሪያ ነው!" ጎንፋ የንቧን መንደፊያ ከከንፈሩ ነቅሎ አሳያቸው። "ነግሬህ ነበር" አሉ። ምን እንደነገሩት እስከ ዛሬ አናውቅም።

ከንፈሩ የቆሰለ ሰው የጠጣበትን ዋንጫም ሌላ ሰው እንዲነካው አይፈቅዱም። በአመድ አሽተው፣ በፈላ ውሃ አጥበው፣ አጥሩ ላይ ደፍተው ፀሐይ እስኪያስመቱት ድረስ ማንም አይጠጣበትም። እሳቸው ግን በበኩላቸው ታመው አያውቁም። ሲያስሉ አቧራ ነው፣ ሲያነክሱ ጫማው ነው። "በሽታ እኔን ምን ቆርጦት!" ይላሉ።

የኔ ተራ በክፉ ጊዜ ደረሰ። ያኔ ወጣት አስተማሪ ነበርኩ፤ ሽማግሌዎቼ እዚሁ ቅርባችን ያለው ቡሬ ወርደው ዘውደነሽን ጠይቀውልኛል። እናቷ ወይዘሮ ሀረገወይን ግን "ልጁን በዓይኔ ሳላይ ቃል አልሰጥም" ብለው፣ ቅዳሜ ለገበያ ሲመጡ ቤቴ እንደሚገቡ ላኩብኝ። ሐሙስ ጠዋት ከከንፈሬ ጥግ ውሃ የቋጠረ ነገር ብቅ አለ።

"ምች ነው" አሉ እትዬ ዲሪቤ፣ ገና ደጃፌን ሳልሻገር። "ትናንት ፊትህን ታጥበህ ሳይደርቅልህ ፀሐይ ላይ ቆመሃል።"

"ሰኔ እኮ ነው እትዬ፤ በሰኔ መቱ ውስጥ ፀሐይ የት አለና!"

"ለምች ትንሽ ትበቃዋለች።"

ዳማከሴ ጨምቀው ከንፈሬን አሹልኝ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ምች አለመሆኑን ላሳያቸው ብዬ በእልህ ጤና ጣቢያ ሄድኩ፤ ድሬሰሩም ሰው ሁሉ ከሩቅ የሚያየው ወይን ጠጅ ቀለም ያለው መድኃኒት ቀብቶ ሰደደኝ። እትዬ ዲሪቤ ዞር አድርገው አዩኝና ፍርዳቸውን ለወጡ።

"ሸረሪት ናት። ተኝተህ ሸንታብህ ነው። ነግሬህ ነበር!"

"የነገሩኝ ምች ነው ብለው ነው!" ብዬ ጮህኩ። አልሰሙኝም፤ ወይም መስማት አልፈለጉም።

ቅዳሜ ሲደርስ ጋቢ ተከናንቤ ልጠብቅ አልኩ። ደግሞ ሶር ወንዝ ማዶ ያለው ዘመዴ ዘንድ ብሸሽስ ብዬም አሰብኩ። እትዬ ዲሪቤ ጋቢውን ከላዬ ገፈፉት። "ፊቱን የሚሸፍን የሰረቀ ሰው ነው። ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ቀጥ ብለህ ተቀመጥ!"

ወይዘሮ ሀረገወይን ገቡ። እትዬ ዲሪቤ ብርዝ ቀዱልን። እኔ ቶሎ ተጎነጨሁ፤ እንግዳዬ ግን ከንፈሬን አዩና ዋንጫቸውን ሳይቀምሱ አስቀመጡት።

"ከተማ ብቻውን የሚኖር ወጣት ከንፈሩ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲወጣበት ምን እንደሚባል፣ ቡሬም ብንኖር አላጣነውም" አሉ።

ቂጥኝ ማለታቸው ነበር። ነጠላቸውን ሰብስበው ብድግ ሲሉ ቡሬ የቀረችው ዘውደነሽም አብራቸው ከደጄ ስትወጣ በሐሳቤ ታየኝ።

እትዬ ዲሪቤ የኔን ዋንጫ አነሱ። "በዚህ ሲጠጣ አይተዋል?" አሉ። ዋንጫውን አዙረው፣ ወይን ጠጁ መድኃኒት የነካውን ጠርዝ ፈልገው፣ ከንፈራቸውን እዚያው ላይ አድርገው እስከ አተላው ጨለጡት።

"ይኸው! ያሉት በሽታ ከሆነ እኔንም ይያዘኝ! ይህ ልጅ የሚያድረው ግቢዬ ነው፤ መግቢያ መውጫውን አውቃለሁ። የሰው ልጅ ስም አያጥፉብኝ!"

ወይዘሮ ሀረገወይን ባዶውን ዋንጫ አዩት። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡ፣ ዋንጫቸውን አነሱና ቀመሱ። "ማሩ ጥሩ ነው" አሉ። ዘውደነሽን ያገኘሁት በዚህች ቃል ነው።

ከሳምንት በኋላ እትዬ ዲሪቤ ገበያ ላይ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ማር ሲሸጡ አገኘኋቸው። "ይምጡ እስቲ ወዲህ!" ብዬ አገጫቸውን ይዤ ወደ ብርሃን አዞርኳቸው። ያው የኔው ቁስል፣ እዚያው ጥግ ላይ።

"ሸረሪት ናት" አሉ፣ ዓይን ዓይኔን ሳያዩ።

ድሬሰሩ ይህን ሲሰማ ሳቀ፤ ከዋንጫዬ የተላለፈባቸው ነው አለኝ። ይህን እሳቸው አጥተውት ይመስላችኋል? ያን ሁሉ ዓመት ዋንጫ በአመድ ሲያሹ የኖሩት ሴት! አውቀው ነው የጠጡት። እሳቸውን እንዲህ ብዬ ላመሰግን ብሞክር ግን ከግቢው ያባርሩኛል።

ስለዚህ ዳማከሴውን ራሴ ጨምቄ ወሰድኩላቸው። ዛሬም ዘውደነሽ አጠገቤ ቁጭ ብላ ትመሰክርልኛለች፤ የፈለገ ሀኪም ይምጣ፣ የፈለገውን መጽሐፍ ይግለጥ፣ አልቀበለውም። እትዬ ዲሪቤ ታመው አያውቁም። ሸረሪት ናት።