ሽማግሌ ተልኬ ስለ ፕሮሰሰር የተጠየቅሁ ዕለት

የዘንድሮ ሽማግሌ ተዋናይ ነው ብል የሚቆጣኝ ያለ አይመስለኝም፤ የሚቆጣ ካለም ራሱ ሽማግሌ ተልኮ የሚያውቅ ሰው ነው። አዳራሽ ከተያዘ፣ ቬሎ ከተለካ፣ የሚዜዎቹ ሱፍ ቀለም እንኳ በስንት ጭቅጭቅ ከተወሰነ በኋላ ነው እኛ ጋቢያችንን አጣፍተን «ልጅዎን ለልጃችን» ልንል የምንላከው። አባትየው እንደ ደነገጠ ይሆናል። እኛም እንደ ፈራን እንሆናለን። «እስቲ ከዘመድ ልምከር» ብሎ ቀጠሮ ይሰጠናል፤ ዘመዱ ሁሉ ግን ጓዳ ተሰብስቦ ዶሮ እየበለተ ነው። እኔ ለዚህ ሥራ ተፈላጊ ነኝ፤ ሽበቴ ቀድሞኝ ስለ መጣና ዝም ስል ጠቢብ ስለምመስል። አፌን ስከፍት ምን እንደምመስል ባለቤቴን ጠይቁ።

ለኤፍሬም የተላክን ዕለት ግን ትወና አልነበረም። የምሬን ነበር።

ኤፍሬምን ላስተዋውቃችሁ። አዲሱ ገበያ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ አለችኝ፤ ኤፍሬም ተማሪ ሳለ ክረምት ክረምት እየመጣ እኔ ዘንድ ይሠራ ነበር። አባቱን ገና በልጅነቱ ስላጣ ያሳደጉት አጎቱ ኦቦ ቶሎሳ ናቸው፤ የከተማ አውቶብስ ሾፌር ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው። ልጁ ዛሬ መድኃኒት በሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ መሐንዲስ ሆኗል። የሚወዳት ልጅ ሕሊና ትባላለች፤ እሷም ሌላ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር መሐንዲስ ናት። ችግሩ አባቷ አቶ በላቸው የኤፍሬም አለቃ መሆናቸው ነው። እሱስ ባልከፋ። የባሰው፣ ልጁ እኚህን አለቃውን በስብሰባ ላይ፣ ያውም ሥራ አስኪያጁ ባለበት፣ ተቃውሟል።

በምን ጉዳይ? በፕሮሰሰር፣ በኮምፒውተር አንጎል!

ትስቁ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር። ነገሩን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልንገራችሁ። ድርጅቱ በየክፍለ ሀገሩ ቅርንጫፍ አለው፤ በየቅርንጫፉ ደግሞ የክትባትና የኢንሱሊን ማቀዝቀዣ አለ። ማቀዝቀዣው ሙቀቱ ከፍ ሲል የሚያስጠነቅቅ፣ የገባ የወጣውን የሚቆጣጠር ሰርቨር ሊገዛ ተባለ። አቶ በላቸው፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ባለው ዳታ ሴንተር ውስጥ ኮሩ፣ ማለትም በውስጡ የሚያሰላው ክፍል፣ የበዛ፣ የመቶ ሰው ሥራ ቢጭኑበት የማያቃስት ግዙፍ ፕሮሰሰር ይቀመጥና ቅርንጫፉ ሁሉ በመስመር እሱን ይጠይቅ አሉ። አንድ በር፣ አንድ ቁልፍ፣ አንድ ጠባቂ። የሌባውንም የቫይረሱንም መግቢያ ያውቁታላ! በሌላ በኩል በየቅርንጫፉ ጠረጴዛ ሥር የሚቀመጥ ትንሽ ፕሮሰሰር አለ፤ ኮሩ ጥቂት ነው፣ ሥራውም ቀስ ያለ ነው፣ ግን መብራት አይበላም፣ አቧራና ሙቀት ይችላል፣ መስመር ቢቆረጥም ማቀዝቀዣውን አይኑን ሳይነቅል ይጠብቃል። አቅራቢው ሁለቱንም ለሙከራ አምጥቶ ነበርና ኤፍሬም አነጻጽረህ አቅርብ ተባለ።

አቀረበ። ተመሳሳይ ሥራ ሲጫንባቸው ትልቁ በፍጥነት የትና የት ጥሎት ሄደ፤ መስመሩ የተቆረጠ ጊዜ ግን ትልቁ ከነግርማ ሞገሱ ዝም አለ፤ ቅርንጫፍ ያለው ማቀዝቀዣ እየሞቀ ማንም አልጮኸም። ደግሞ አብዛኛውን ቀን ሥራ ፈቶ ተቀምጦ መብራት ሲበላ ነው የሚውለው። ልጁ ይህን ሁሉ በስክሪን ላይ ለአዳራሹ አሳየ። አቶ በላቸው የዚያን ትልቅ ፕሮሰሰር ነገር ለሥራ አስኪያጁ ስንት ጊዜ ሲያሞግሱ ከርመዋል መሰላችሁ። ደማቸው ፈላ። «ይህን የሠራ ሰው አሳዳጊ የበደለው ነው!» ብለው ጠረጴዛውን መቱት።

ኤፍሬም አንገቱን ደፋ። አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

አሳዳጊ የበደለው! ይህች ስድብ የት እንደምታርፍ ታውቃላችሁ፤ ተሰዳቢውን አልፋ ቤቱ ድረስ ትሄዳለች። ኦቦ ቶሎሳ ሰምተዋል። ያም ሆኖ «ለልጁ ከሆነ እሄዳለሁ» ብለው ከእኔና ከኤፍሬም ነፍስ አባት ከአባ ተክሌ ጋር ለሽምግልና ተሰለፉ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከጳውሎስ ከፍ ብሎ ያለውን የአቶ በላቸውን በር አንኳኳን።

«ተቀመጡ» አሉን ደረቅ ብለው።

«የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አባ ተክሌ በወጉ መሠረት፤ ቀጥለውም መስቀላቸውን ይዘው ልጅዎን ለልጃችን ብለው ጠየቁ። ወጉ እስከዚህ ድረስ ነው የረዳን። አቶ በላቸው ከዘመድ ልምከር አላሉም፣ ሃይማኖቱ ምንድን ነው፣ ዘሩ ከየት ነው አላሉም። ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«አንተ የኮምፒውተር ሰው ነህ ብለውኛል። ልጁ ያቀረበውን አይተኸዋል አይደል?»

«አሳይቶኛል፤ አይቼዋለሁ።»

«እስቲ ንገረኝ፤ ትልቁ ነው ትንሹ? መጀመሪያ አንተ መልስልኝ፣ ከዚያ እኔ ስለ ልጄ እመልስላችኋለሁ።»

ምን ብል ይሻላል! ትልቁ ብል ልጁን በገዛ ሽማግሌው አሰደብኩት፤ ትንሹ ብል አባትየውን በገዛ ሳሎናቸው አዋረድኳቸው። አባ ተክሌ ያዘኑልኝ ይመስለኛል፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ገቡ። «ትልቁም ትንሹም የእግዚአብሔር ነው፣ ልጄ» አሉ። አቶ በላቸው ፈገግ እንኳ አላሉም።

«እንደ ሥራው ነው» አልኩ በመጨረሻ።

«እሱ መልስ አይደለም፤ ሽሽት ነው።»

እውነት ለመናገር ሽሽት አልነበረም፤ በዚህ ዓለም ላይ ስለ ፕሮሰሰር ሊባል የሚችል ትክክለኛ ነገር ቢኖር እሱ ነው። ግን ትክክለኛ ነገር በጭንቅ ሰዓት ሲነገር ሁልጊዜ ማምለጫ ይመስላል። ስለዚህ በቃ፣ የመጣው ይምጣ ብዬ ተነፈስኩት። «የቅርንጫፉን ሁሉ ሒሳብ ወር ሲያልቅ ለመዝጋት ትልቁን የሚያህል የለም። ማቀዝቀዣ ለመጠበቅ ግን ትንሹ ይሻላል፤ መድኃኒቱ ያለው እዚያ፣ መስመሩ የሚቆረጠውም እዚያ ነው።»

«እሱ ልክ፣ እኔ ስህተት፤ እያልከኝ ነው።»

አላልኩም። ግን አልካድኩምም። አቶ በላቸው ብድግ አሉ። አባት በሽማግሌ ፊት አንዴ «አልሰጥም» ካለ መመለሻው ሩቅ መሆኑን እናንተም ታውቃላችሁ፤ ቃሉን ላለማጠፍ ሲል ብቻ ልጁን ቆማ ቀር የሚያደርግ ሰው አይቻለሁ። አባ ተክሌ መስቀላቸውን ጠበቅ አደረጉ። ኦቦ ቶሎሳ መሬት መሬቱን ያያሉ።

«እንግዲህ ልጄን ለዚህ...» ብለው ሲጀምሩ የጓዳው በር ተከፈተ።

ሕሊና ነበረች። በወጉ ሽማግሌ ባለበት ልጅቱ ብቅ አትልም፤ ከኋላዋ እናቷ ቀሚሷን ይዘው ሲጎትቱ አይቻለሁ።

«አባዬ፣ ያንን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«ምኑን?»

«ንጽጽሩን። ሁለቱን ፕሮሰሰሮች የጫንኳቸው፣ መስመሩን እየቆረጥኩ የለካኋቸው እኔ ነኝ። ኤፍሬም ሥራ በዝቶበት አግዢኝ አለኝ፣ አገዝኩት። አባቷን በሰው ፊት ተቃወመች እንዳይባል ስሜን እንዳትጠራ ያልኩትም እኔው ነኝ።»

ውጭ የሚያልፈው ታክሲ ረዳት «አዲሱ ገበያ! አዲሱ ገበያ!» ሲል ይሰማል። አቶ በላቸው ልጃቸውን አዩዋትና እኔ ስድብና ቁጣ ስጠብቅ ጥያቄ አነሡ።

«መስመሩን ስትቆርጪ ትልቁ ሥራ ላይ ነበር ወይስ ሥራ ፈት?»

«ሥራ ላይ። ሥራ ፈት ማሽን አይለካም ብለህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ።»

አባትየው ቀስ ብለው ቁጭ አሉ። ያቺ ስድብ የት እንዳረፈች ገና አሁን ማየታቸው ነበር። የሠራችው ልጃቸው ናት፤ አሳዳጊዋ ደግሞ እሳቸው ናቸው። «ያ ልጅ ያንን ሁሉ ስሰድበው...» አሉና ወደ እኛ ዞሩ። «እሷ ናት ቢል ይገላገል አልነበረም? ለምን ዝም አለ?»

ኦቦ ቶሎሳ ያን ጊዜ ቀና አሉ፤ ከገባን ጀምሮ የመጀመሪያ ቃላቸው ነው። «ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አምኖ ሚስጥር የሰጠህን ሰው፣ አንገትህ ቢቆረጥ አሳልፈህ አትስጥ ብዬ ነው ያሳደግኩት። በዚህ በድዬው ከሆነ፣ አቶ በላቸው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

እኔ ጋቢዬን ወደ ዓይኔ ሳብኩ። አላፍርም፣ አለቀስኩ። አቶ በላቸው ተነሥተው የኦቦ ቶሎሳን ጉልበት ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ሽማግሌው በሁለት እጃቸው ክንዳቸውን ይዘው «ተው፣ ተው፣ ወንድሜ» አሏቸው። እንዲያ ተያይዘው ትንሽ ቆሙ።

«ተቀመጡ አባቶቼ» አሉን አቶ በላቸው። «ልጄን ሰጥቻለሁ። የሰደብኩት ግን በስብሰባ ላይ ነውና ይቅርታውም እዚያው ነው የሚሆነው።»

ያኔ ተቀመጥን።

አንዳንድ ሰው ሳሎን ውስጥ የማለውን ቢሮ ሲደርስ ይረሳዋል፤ አቶ በላቸው አልረሱም። ኤፍሬም እንደ ነገረኝ፣ ሰኞ ጠዋት ያው አዳራሽ፣ ያው ሥራ አስኪያጅ፣ ያው ሰው ሁሉ ባለበት ተነሥተው ቆሙ። «ባለፈው ይህን ልጅ አሳዳጊ የበደለው ብዬው ነበር። አሳዳጊውን አየኋቸው። አልበደሉትም። ልጁንም፣ እሳቸውንም፣ የሠራችውንም ይቅርታ እጠይቃለሁ» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። አንዳንዶቹ የሠራችው ማን ናት ብለው ተያዩ።

አቶ በላቸው ጭብጨባው እስኪያበቃ ጠበቁና ውሃ ተጎነጩ።

«ስለ ፕሮሰሰሩ ግን» አሉ፣ «አሁንም ትልቁ ነው።»

ኤፍሬም ሊመልስ አፉን ከፍቶ ነበር። ከዚያ ሠርጉ ትዝ አለው።